የጣት ኦክስጅን መለኪያ በወሎ ደጋ፦ የትኛው ይገዛ?

ጣት ቆንጥጦ የሚይዘው ትንሹ ፐልስ ኦክሲሜትር ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ጋር የልብ ምቱን ማዕበል (በስክሪኑ ላይ ከምቱ ጋር የሚወጣ የሚወርደውን ምልክት) የማያሳየውን ዓይነት ለደሴም ሆነ ለወገልጤና አንመክርም።

ምክንያቱ ብርዱ ነው። መለኪያው የሞገድ ርዝመታቸው 660 እና 940 ናኖሜትር የሆኑ ሁለት ብርሃኖችን በጣት ያሳልፍና በየምቱ ከሚገባው ደም ሳቹሬሽኑን፣ ማለትም ደሙ የያዘውን ኦክስጅን በመቶኛ፣ ያሰላል። በጣት ጫፍ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ስፋታቸው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው፤ 8 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነው ቀይ የደም ሴል ተጣጥፎ በአንድ ረድፍ ያልፍባቸዋል። ብርድ ሲመታ ደም የሚያደርሱላቸው ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ምቱ ይደክማል፣ ቁጥሩም ይዋዥቃል። 82 ብሎ ቤተሰብ ያስደነገጠው መለኪያ እጅ ሲሞቅ 93 ሊል ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅ ይሙቅ። ታማሚው 5 ደቂቃ ይረፍ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፍ፣ አያንቀሳቅስ። ማዕበሉ እኩል እየወጣ እየወረደ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ የእጅ አንጓ ላይ ምቱን ቆጥሮ ስክሪኑ ከሚለው ጋር ማስተያየት ነው፤ ካልተስማሙ ሳቹሬሽኑም አይታመንም። ጥፍር ላይ ወፍራም ጥቁር ሂና ካለ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ሌላ ጣት ይፈለግ። የአዋቂ መለኪያ ለጨቅላ አይሆንም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ከ92 እስከ 95 ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ ያው ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ከፍ ሊልለት ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ነው። ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ታማሚ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢሆን አይዘገይበትም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መለኪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው።

ከሁሉም በላይ ከሰል! በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ላይ ይህ ዕቃ 98 ሊል ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ራስ ምታትና ማስመለስ ካለ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ በፍጥነት ሆስፒታል ማድረስ እንጂ ስክሪን ማየት አይደለም።

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ እርሳስ አስገቡበት። ለእርሳስ ሳቹሬሽን ካነበበ መልሳችሁ አስቀምጡት።