ደሴ ፒያሳ የሚጋገረው የእንግሊዞች የገና ኬክ

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኙት ኬክ ቤቶች አንዱ ከኅዳር ወር መግቢያ ጀምሮ በትእዛዝ ብቻ የሚጋግረው የእንግሊዞች የገና ኬክ፣ በከተማችን ከለመድነው ቶርታ በመልኩም፣ በጣዕሙም፣ በዕድሜውም የተለየ ነው። ክሬም አይነካውም። ሲቆረጥ ውስጡ ጥቁር ቡናማ ሆኖ በዘቢብ፣ በተምርና በስኳር በተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ እስከ ጠርዙ የታጨቀ ነው፤ የሚሸተው ደግሞ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ነው። ለወሎ ሰው ይህ ቅመም እንግዳ አይደለም፤ በየቀኑ ከሻይ ጋር የምናፈላው ነው።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ሙያውን የቀሰሙት ዱባይ ውስጥ በአንድ የእንግሊዛውያን ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ በነበሩበት ጊዜ መሆኑን ነግረውኛል፤ አሠራራቸውንም ቆሜ ተመልክቻለሁ። ደረቁ ፍራፍሬ ተዘፍዝፎ ያድራል። በማግሥቱ ቅቤው ከቡናማ ስኳር ጋር ይመታል፤ እንቁላሉ አንድ በአንድ ይገባል፤ ዱቄቱ መጨረሻ ላይ የሚጨመር ሲሆን መጠኑም ፍራፍሬውን ከማያያዝ አያልፍም። ኬኩ በዝግተኛ እሳት አራት ሰዓት ያህል ስለሚቆይ፣ ጎኑ እንዳያርር መጋገሪያው ከውስጥም ከውጭም በድርብ ወረቀት ይጠቀለላል። ከምድጃ ከወጣና ከቀዘቀዘ በኋላ በቀጭን ስንጥር ይበሳና ጥቂት ማንኪያ ብራንዲ ይፈስበታል፤ ይህም እስከ በዓሉ ድረስ በየሳምንቱ ይደገማል። የኬክ ቤቱ ባለቤት በጋዝ ምድጃ መጋገራቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ መብራት በመካከል ቢቋረጥ እንዲህ ያለውን ኬክ ማዳን አይቻልም።

ይህን ኬክ እንድወደው ያደረገኝ ዋናው ነገር ከጾማችን ጋር ያለው መስማማት ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ለገና የሚዘጋጁበት ወቅት ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የገናውን ፑዲንግ፣ ማለትም እንደ ኬኩ ከደረቅ ፍራፍሬ ተሠርቶ በእንፋሎት የሚበስለውን ጣፋጭ፣ በየተራ የማማሰል ልማድ አለው። ያ እሑድ አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር 11 እስከ 17 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል፤ የእኛ ጾመ ነቢያት የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ነው። እነርሱ ገናን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 16 ሲሆን እኛ 13 ቀን ቆይተን ታኅሣሥ 29 እናከብራለን። ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ በጾም መቅመስ ስለማይቻል፣ ሌላው ኬክ ሁሉ በዋዜማው ግርግር ይጋገራል። ይህ ግን በጾሙ መግቢያ ተጋግሮ በጾሙ መፍቻ ቢቆረጥ ጣዕሙ ይበስላል እንጂ አይጎድልም። ጾሙ የሚጠቅመው ሌላ የፍስክ ኬክ አላውቅም።

ኬክ እንዲህ መቆየቱን ለሚጠራጠር ሰው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ልማድ በቂ ማስረጃ ነው፤ በዚያ አገር የገናው ኬክና የባህላዊው ሠርግ ኬክ ዝምድናቸው የቀረበ ነውና። ኋላ ንግሥት የሆኑት ልዕልት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲዳሩ አገሩ ገና በራሽን ይኖር ስለነበር፣ ለሠርጉ ኬክ የሚያስፈልገው ግብዓት ከባሕር ማዶ ጭምር ተሰባስቧል፤ ከላኩትም መካከል የአውስትራሊያ ገርል ጋይዶች (የሴት ልጆች ስካውት መሰል ማኅበር አባላት) ይገኙበታል። ኬኩ ባለ 4 ደርብ ሲሆን ቁመቱ 2.7 ሜትር፣ ክብደቱም 225 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ልዑል ዊልያምና ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2011 የቆረጡት ባለ 8 ደርብ የፍራፍሬ ኬክ ደግሞ አንዱ ደርብ ተቀምጦ፣ ከ7 ዓመት በኋላ ሦስተኛው ልጃቸው ሉዊስ ክርስትና ሲነሣ ለእንግዶች ቀርቧል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2018 ልዑል ሃሪና ሜጋን የሎሚ ኬክ መርጠው ከልማዱ ወጥተዋል፤ ለእኔ የቀድሞው ይበልጥብኛል፤ ሠርግንና ክርስትናን በአንድ ኬክ ማገናኘት ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ወደ ደሴው ኬክ ስመለስ፣ ሊታረሙ የሚገባቸው ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ልባሱ ነው። በእንግሊዞቹ ኬክ ላይ መጀመሪያ ከአልሞንድ ዱቄትና ከስኳር የተቦካ ሊጥ ይነጠፋል፤ በላዩ ላይ ከእንቁላል ነጭና ከደቃቅ ስኳር የተመታ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ነጭ ሽፋን ይደረባል። እዚህ አልሞንድ ውድ በመሆኑ በፈንታው የተፈጨ ለውዝ ገብቷል፤ የለውዙ ጣዕም ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ ቅመሙን ይሸፍነዋል። ያለ ሊጡ በነጩ ሽፋን ብቻ ቢሸጡት እመርጣለሁ። ሁለተኛው፣ ዘግይቶ ላዘዘ ሰው ገና ከምድጃ የወጣውን መስጠታቸው ነው፤ ሳምንት እንኳ ያልሞላው ኬክ ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ቅመሙም ገና አልተዋሐደም። ትእዛዝ መቀበል የሚያቆሙበትን ቀን ወስነው ቢለጥፉ ስማቸውን ይጠብቅላቸዋል።

አልኮል ለማይቀምሱ ደንበኞች ፍራፍሬው በብርቱካን ጭማቂና በሻይ የተዘፈዘፈበት ኬክ ለብቻው ይጋገራል፤ ዕቃውም የተለየ መሆኑን አይቻለሁ። በደሴ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነበር፣ ታስቦበታልም። ጣዕሙ ከሌላው የሚያንስ ባይሆንም ብዙ ስለማይቆይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢበላ ይመረጣል።

ዋጋው በመጠን እኩያው ከሆነ ቶርታ በእጥፍ ይበልጣል፤ ነገር ግን በስሱ ስለሚቆረጥ ለብዙ እንግዳ ይበቃል። ንግሥት ኤልሳቤጥ የአባታቸውንና የአያታቸውን ልማድ ተከትለው በየገናው ለቤተ መንግሥቱ ሠራተኞች 1,500 ያህል ፑዲንግ ያድሉ ነበር፤ በደሴና በኮምቦልቻ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችም ለበዓል ስጦታ ይህን ኬክ ቢያስቡበት መልካም ነው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ ኬኩን በሰም ወረቀት ጠቅልሎ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለታኅሣሥ 29 የሚፈልግ ሰው ከኅዳር 15 ሳያልፍ ይዘዝ፤ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ ይጠየቃል።