ነጩ ለአባት፣ ቀዩ ለልጅ፦ ዱሉዝ አካባቢ ላሉት ጋሼ ምስጋና

ትናንት 60 ማይል በስኖሞቢል ነድቼ፣ ከዚያም ከዱሉዝ እስከ ሴንት ፖል ሁለት ሰዓት ተኩል መኪና ውስጥ ተቀምጬ ቤት ገባሁና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ራሴ ፈታሁ። ባለቤቴ ቆማ ታየኝ ነበር። አምና ይህን ጫማ የምትፈታልኝ እሷ ነበረች፤ እኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ «ቀስ! ቀስ በይ!» እያልኩ። ትናንት ምንም አላለችም፣ ቡና ልታፈላ ሄደች። እኔ ግን ስኖሞቢሌን አስተካክለው ወገቤን ያሳረፉልኝን ሽማግሌ ሳላመሰግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የበረዶ ሞተር ያላችሁም ሆናችሁ ልጆቻችሁ «ግዙልን» እያሉ የሚነዘንዟችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ትራክ የነዳሁ ሰው ነኝ። ወገቤ እንደነገሩ ነው። ለእኔ በረዶ ማለት አካፋና ጨው ነበር። ልጄ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ የ15 ዓመት ጎረምሳ ነው፣ በረዶ ሲጥል መስኮት ላይ ተለጥፎ የሚያድር። ስኖሞቢል የሚሠራው ፖላሪስ የተመሠረተው እዚሁ ሚኒሶታ ሮዞ በምትባል ትንሽ ከተማ እንደሆነ፣ ተፎካካሪው አርክቲክ ካትም የዚሁ ሰሜን ልጅ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። «አባዬ፣ በዚህ ስቴት ከ22,000 ማይል በላይ የስኖሞቢል መንገድ አለ እኮ! አብዛኛውን የሚደለድሉት በጎ ፈቃደኛ ክለቦች ናቸው» ይለኛል እራት ላይ። የደህንነት ኮርሱንም አብረን ወሰድን። ከዲሴምበር 31፣ 1976 በኋላ የተወለደ ሁሉ ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል ይላል ሕጉ፤ እኔ በጥቂት ወራት ተያዝኩ።

በ2023 መጸው ላይ ያገለገለ አንድ ገዛሁ። ገዝቼ ባቆምኩ ማግስት በረዶ ጠፋ። ያን ዓመት ዱሉዝ አካባቢ የሚካሄደው የበርግሪስ በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች ውድድር እንኳ በበረዶ እጦት ተሰርዟል። የዕድር ጓደኞቼ «ሐበሻ ቢገዛ በረዶውም ቀረ» ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

በቀጣዩ ዓመት በረዶ መጣ፣ የእኔም መከራ አብሮ መጣ። መንገዱ ሌሊት ስለሚደለደል ጠዋት ጠረጴዛ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ፍሬን ሲይዝና ነዳጅ ሲሰጥ በረዶው ይቆለላል፣ ኮረኮንች ይሆናል። የእኛን አገር ኮረኮንች የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ይሄኛው ነጭ መሆኑ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ስነዳ ወገቤ ይቆረጣል። ልጄ ደግሞ ተራው ደርሶ ሲይዘው ጉብታውን ካልዘለለ የነዳ አይመስለውም፤ ሲያርፍ ማሽኑ «ዷ!» ብሎ ወለሉን ይመታል።

አንድ ትልቅ ሱቅ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ወጣቱ ሻጭ ሆዴን አየና «ለተራ መንገድ ነው ወይስ ለኃይለኛ አነዳድ?» አለኝ። ለሁለቱም ነው፣ እኔ ቀስ ብዬ፣ ልጄ እየዘለለ አልኩት። «እንግዲያው ጠንካራውን ውሰድ፣ ለኃይለኛ የሆነ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። አመንኩት! ሞላውንና ሾኩን (ንዝረቱን የሚያበርደውን) በውድድር ዓይነት ቀየሩልኝና 1,900 ዶላር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላማ እያንዳንዱን ጉብታ በአከርካሪዬ ቆጠርኩት። የሚገርመው ልጄም አልተመቸውም። 60 ኪሎ የማይሞላ ልጅ ላዩ ላይ ሲቀመጥ ማሽኑ እንደ ደንባራ በቅሎ ያነጥረው ጀመር። ተመልሰን ብንነግራቸው «ትለምደዋለህ» አሉኝ። እኔ የወገብ ሕመም ልለምድ ነው 1,900 ዶላር የከፈልኩት?

ሌላ ቦታ ሄድኩ። ለማየት ብቻ 120 ዶላር ተቀበሉና «ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» ብለው የአዲሶቹን ዋጋ ዝርዝር እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሦስተኛው ቦታ የባሰ ነው። ሰውዬው ጥያቄውን ሁሉ የሚጠይቀው ልጄን ነው፤ እኔ እንግሊዝኛ የማልሰማ መስዬው መሰለኝ። ከፋዩ እኔ፣ የሚያመው የእኔ ወገብ፣ ንግግሩ ግን በራሴ ላይ ያልፋል። ልጄ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ነው ያንገበገበኝ። በዚያ ቀን ልሸጠው ወሰንኩ።

አብሮኝ የሚሠራ ሹፌር ነው «ከመሸጥህ በፊት እኚህን ሰው አግኛቸው» ያለኝ። ከዱሉዝ ወጣ ብሎ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለ ጋራዥ የሚሠሩ፣ ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። እኔ በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። ስንደርስ ማሽኑን ዞር ብለው አላዩትም። መጀመሪያ ቡና ሰጡን (ቡና ከተባለ!)፣ ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። የት የት ትነዳለህ? ስንት ሰዓት ያህል? የትኛው ጎንህ ነው የሚያምህ? ቀጥሎ ወደ ልጄ ዞረው «አንተስ?» አሉት። እሱም ይዘልላል እንጂ ሌላ ምን ይላል።

«ልብስህን ልበስ» አሉኝ። ሙሉ የበረዶ ልብስ፣ ቡት ጫማ፣ ሄልሜት ሳይቀር። ጋራዥ ውስጥ እንደ ጠፈርተኛ ለብሼ ቆምኩ። ልብሱም ክብደት ነው፣ ማሽኑ የሚሸከመው ራቁትህን አይደለም አሉኝ። የማሽኑን ጅራት አንስተው በሜትር ለኩ፣ እኔን አስቀምጠው ስንት ዝቅ እንዳለ ለኩ፣ ልጄን አስቀምጠው እንደገና ለኩ። ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጻፉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር ልሽጥልህ አላሉኝም።

ከዚያ ያሉኝን በገባኝ ልክ ልንገራችሁ። ሞላው የሚስተካከለው ለክብደት ነው፣ ሾኩ ደግሞ ለአነዳድ። ሰዎቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ሸጡልህ። አንተ ከባድ ነህ ግን በእርጋታ ትነዳለህ፤ ሞላህ ጠንከር፣ ሾክህ ለስለስ ይበል። ልጅህ ቀላል ነው ግን ይዘልላል፤ የእሱ ሞላ ላላ፣ ሾኩ ጠበቅ ይበል። ስለ ፊተኛው ማሰሪያ ቀበቶም አንድ ነገር አስረዱኝ፣ ሲያጥር ስኪው (ማሽኑ ከፊት የሚንሸራተትበት) መሬት ይነክሳል ምናምን፤ እውነቱን ለመናገር እሱ አልገባኝም።

የመጀመሪያው ግን ገባኝ። አባቴ ከኮምቦልቻ በሚሌ በኩል አሰብ የሚመላለስ የኤንትሬ ሹፌር ነበር፣ ትምህርት ሲዘጋ ረዳት ሆኜ እሄድ ነበር። ባዶውን ስንሄድ ባሌስትራው እየዘለለ ጥርሳችንን ያንገጫግጨዋል፤ ጭነን ስንመለስ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ እኔ ተኝቼ እመጣለሁ። አባቴ «ባሌስትራ ጭነቱን ካላገኘ ይቆጣል» ይል ነበር። ይህን ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ እንደምንም ተርጉሜ ነገርኳቸው። ሥራቸውን አቁመው ሰሙኝ። «አባትህ ይህን ሥራ ያውቁት ነበር» አሉኝ። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያን ቀን እንዴት እንደሆንኩ አልነግራችሁም።

«አሮጌዎቹ ሞላና ሾኮች የታሉ?» አሉኝ። ባለቤቴ ልትጥላቸው ስትል በግድ አስቀርቼ ጋራዥ ውስጥ በካርቶን አኑሬያቸው ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ ሄድኩ። ሾኮቹን ከፍተው ዘይቱን ልጄ እንዲያፈሰው ሰጡት። የወጣው ነገር ሦስተኛ ተቀድቶ ያለቀ የቡና አተላ ይመስላል፤ ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም ነበር። ለካ መጀመሪያም ወገቤን የሰበረው ይሄ ነው! ዘይቱን ቀየሩ፣ የሾኩን ጋዝ ሞሉ፣ የድሮውን ሞላና ሾክ መለሱ። የውድድሩን ዕቃ እንኳ ለሚሆነው ሰው ራሳቸው አሻሻጡልኝ። የሁለቱም ቀን ድካማቸው ተደምሮ ያስከፈሉኝ ከ200 ዶላር በታች ነው።

ልንወጣ ስንል «ቆይ» ብለው ሁለት ትናንሽ የቀለም ብልቃጥ አመጡ። ሞላው በሚዞርበት ቦታና ሾኩ ላይ ባለው ማስተካከያ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረጉበት፤ ነጩ የእኔ፣ ቀዩ የልጄ። «እንዳትጣሉ» አሉን። ተራ ስንቀያየር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጄ ቁልፉን ይዞ ዝቅ ይልና ያዞረዋል። ያቺ የቀለም ነጥብ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማንም ማስረዳት ይቸግረኛል። ማንም አልጠየቃቸውም፣ አላስከፈሉበትም። አንድ ማሽን የሁለት ሰው መሆኑን ያዩ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው።

የትናንቱ 60 ማይል ከዱሉዝ ግራንድ ማሬ የሚወስደው የኖርዝ ሾር መንገድ ላይ ነው። ጠቅላላው 146 ማይል ስለሆነ ገና ግማሹንም አላየነውም። ከሰዓት በኋላ ኮረኮንቹ ሲጀምር እንደ ልማዴ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩት። ጉብታው ከሥሬ አለፈ። ሌላውም አለፈ። ልጄ ተራው ደርሶ ሲዘልል ያ «ዷ!» የሚለው ድምፅ የለም።

እባካችሁ፣ ደግሜ ልለምናችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ሰው አግኙ። ማሽናችሁ ደህና ሊሆን ይችላል። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ወረፋ እንዳይበዛባቸው ለምነውኛል። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እሑድ አይሠሩም። ስትሄዱ ሙሉ ልብሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ ይመልሷችኋል። ቡናችሁንም ያዙ። ባለቤቴ በእጇ ቆልታ የፈጨችውን ልካላቸው ነበር፤ በማግስቱ ደውለው «ይህ ምንድን ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ የሦስት ሰው ሾክ ጨረስኩ» አሉኝ።