የድሬ–አዲስ አበባ አውቶቡሶች፦ ትኬት ሳትቆርጡ የምትጠይቁት

ብዙ ሰው አውቶቡስ ሲመርጥ ወንበሩን ነው የሚያየው። ይተኛል ወይ፣ ኤሲው ይሠራል ወይ፣ ስልክ መሰኪያ አለው ወይ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ቅያሪው ከየት ነው የሚመጣው?

መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከድሬ ሙቀት ወጥቶ የደንገጎን ዳገት፣ ከዚያ የጨርጨርን ተራራ ሙሉ ሰው ጭኖ የሚወጣ ሞተር እረፍትና ጥገና ይፈልጋል። አንዱ ድርጅት በየከተማው መስመር ከፍቷል፣ ለእያንዳንዱ መስመር ግን ትርፍ መኪና የለውም። ሂርና አካባቢ ራዲያተሩ አፍልቶ ቆመን፣ ረዳቱ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲሮጥ፣ ቅያሪው ገና ከአዲስ አበባ እንደሚነሳ ተነገረን። ሕፃን የያዙ እናቶች እዚያው አስፋልቱ ዳር መሸባቸው። ሌላው ድርጅት መስመሩ ጥቂት ነው፣ መኪኖቹም አዲስ አይደሉም፤ ግን ድሬ ላይ የራሱ መካኒክና ተጠባባቂ መኪና አለው። እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

አዲስ መኪና መግዛት ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መለዋወጫውም አብሮ ወጣ። ታዲያ ባለቤቶቹ ያላቸውን ገንዘብ ሌላ መስመር ከመክፈት ይልቅ ያለውን መኪና በደንብ ቢይዙበት አይሻልም?

በጣም ያናደደኝ ደግሞ የደንገጎው ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ድሬ ይወርዳል፣ ሌላው በሐሮማያ አድርጎ ሐረር ይገባል። የድሬ ተሳፋሪ ጥቂት ሲሆን አንዳንዶቹ አውቶቡሶች እኛን ደንገጎ ላይ አውርደው በሚኒባስ ይልኩንና ቀጥ ብለው ሐረር ይሄዳሉ። ለጥቂት ሰው ብሎ ያንን ቁልቁለት ወርዶ መመለስ ናፍጣ እንደሚበላ ይገባኛል። ግን አቦ፣ ትኬቱ ላይ ድሬ ዳዋ ብለህ ሸጠህ በጨለማ ሻንጣ ማሸከም ምንድነው? ሲቆረጥ ይነገረን፣ ዋጋውም ይቀነስ።

ለድሬ–ሐረር ያን ያህል ማወዳደር አያስፈልግም። ሚኒባሶቹ በማኅበርና በተራ ነው የሚሠሩት፣ ሲሞላ ይወጣሉ፣ አንዱ ቢበላሽ ከኋላው የሚመጣው ያነሳችኋል። ትርፍ መጫኑ ነው ችግሩ።

የድርጅቶቹ አያያዝ በደንብ የሚለየው በቁልቢ ሰሞን ነው፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ። አንዳንዱ መደበኛውን ጉዞ ሰርዞ መኪናውን በሙሉ ለንግሥ ያዞራል፣ አንዳንዱ ሰዓቱን አያዛንፍም። በዚያ ሳምንት የምትጓዙ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ ወደዚህ የምትመጡ ደግሞ መኪናው ድሬ ድረስ ይገባ እንደሆነ ቢሮው ላይ አስረግጣችሁ ጠይቁ።