ለመኪና ኤሲ ብልሽት የቱን እንግዛ? የ1,500 ብሩን ብሉቱዝ፣ ስካነሩን ወይስ ቴስተሩን?

ክረምት በገባ ቁጥር ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይደውሉልኛል። «የመኪናዬ መስታወት እንፋሎት ይይዛል፣ ኤሲው አልሠራ አለ፣ ብልሽቱን የማገኝበት ምን ዕቃ ልግዛ?» አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ብዙ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ለሙቀቱ ብቻ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አራት ሰው ጭናችሁ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ መስታወቱን የሚያደርቅላችሁ ኤሲው ነው። አየሩን እያቀዘቀዘ እርጥበቱን ያወጣዋል። ይሄ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፣ የማየት ጉዳይ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። መካከለኛ ዋጋ ያለው ማልቲሜትር ግዙ፣ እኛ ቴስተር የምንለውን የቮልትና የኦም መለኪያ። እኔ የገዛሁት 3,800 ብር ነው። ብሉቱዙን ተዉት። ስካነሩን ደግሞ ጋራዥ ያለው ሰው ይግዛ።

ይህን የምለው 37,500 ብር ከከፈልኩ በኋላ ነው። ኮሮላዬ አውቶማቲክ ኤሲ አላት፣ 22 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ የቀረውን ለእሷ የምትተዉት ዓይነት። አንድ ቀን ነፋሱ እየመጣ ቅዝቃዜው ጠፋ። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር አይነሳም። የወሰድኩበት ጋራዥ «ጋዝ አልቋል» አለኝ። 4,500 ብር ከፈልኩ፣ ለውጥ የለም። «ኮምፒውተር እናድርገው» ተባለ፣ 1,500 ብር። ማሽኑን ሰኩና «ምንም ኮድ (የብልሽት ቁጥር) የለም፣ ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ ኮምፕሬሰሩ ላይ ተደፈደፈ። ያገለገለ ኮምፕሬሰር፣ ከነእጅ ዋጋው 27,000 ብር። ሲቀየር ጋዙ ስለወጣ እንደገና 4,500። ኤሲው አሁንም ዝም።

በመጨረሻ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ወሰዱኝ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋሼ፣ የፊት ፓራውልቷ ተገጭቶ ያውቃል?» አለኝ። ያውቃል፤ ስድስት ወር ቢሆነው ነው። ከፓራውልቱ ኋላ የውጭውን ሙቀት የሚለካ የጣት ጫፍ የምታህል ሴንሰር አለች። ፓራውልቱ ተሠርቶ ሲገጠም የእሷ ሶኬት በደንብ ሳይገባ ቀርቷል። የኤሲው ኮምፒውተር ከሴንሰሯ መልስ ሲያጣ ውጪው ኃይለኛ ብርድ ነው ብሎ ይወስናል፣ ኮምፕሬሰሩንም አያስነሳም። ልጁ ሶኬቱን አጽድቶ ገፋው። ቀጭ አለ። ኤሲው ተነሳ። የጠየቀኝ 300 ብር ነው፣ 500 ሰጠሁት። በእጁ የያዘው መሣሪያ ቴስተር ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱንም ዕቃ በእጄ ሞክሬያቸዋለሁ።

ብሉቱዙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው። 1,500 ብር ገዛሁት፣ 1,200ም ይሸጣል። ዋጋው ያታልላል። መኪና ውስጥ ያ መሰኪያ የተለመደው በዋናነት የሞተሩን ጭስ ለመቆጣጠር ነው፣ አሜሪካ በፈረንጆቹ 1996 አስገዳጅ አደረገችው። ስለዚህ ተራው የስልክ መተግበሪያ የሞተር ኮዶችን ያነባል። የኤሲው ኮምፒውተር ሌላ ቤት ነው፣ የየአምራቹን ቋንቋ ይፈልጋል። የእኔ ዓይነት ብልሽት በቶዮታ ቢ1412 የሚል ኮድ አለው። ርካሹ ብሉቱዝ ግን እዚያ ድረስ አይደርስም፣ ስለዚህ «ኮድ የለም» ይላችኋል። ያ ጋራዥ የነገረኝም ይህንኑ ነው። ማሽኑ አላየም እንጂ ኮዱ ነበረ። «ኮድ የለም» እና «ማንበብ አልቻልኩም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ ልዩነቱን ለማወቅ 27,000 ብር አወጣሁ።

ገበያው ላይ ያለው ደግሞ ከሞላ ጎደል ኮፒ ነው። ዋናው ቺፕ ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2022 ተዘግቷል። ሳጥኑ ላይ «ቨርዥን 1.5» የሚል ካያችሁ ኮፒ መሆኑን እወቁ፤ ኩባንያው 1.5 የሚባል አውጥቶ አያውቅም። ትክክለኛ ቺፕና ለመኪናው የተሠራ መተግበሪያ ካላችሁ ነገሩ ይሻላል፣ ግን ያኔ ዋጋው 1,500 አይደለም።

ስካነሩ፣ የመኪናውን ኮምፒውተሮች ሁሉ ገብቶ የሚያነበው የጋራዥ ማሽን፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልዋሽም። የኤሲውን ኮምፒውተር ይገባል፣ ሴንሰሩ የሚልከውን ዲግሪ በቀጥታ ያሳያል፣ የአየር በሮቹን የሚያዞሩትን ትንንሽ ሞተሮች ያዝዛል። ሶማሌ ተራ ጠይቄ 38,000 አሉኝ፣ ሌላ ቦታ 45,000። አንዳንዱ ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ ሶፍትዌሩን ለማደስ ሌላ ክፍያ አለው፤ ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ማስነበብ 1,500 ብር ከሆነ፣ በ38,000 ብር 25 ጊዜ ታስነብባላችሁ። አንድ መኪና ያለው ሰው በዕድሜው 25 ጊዜ የኤሲ ኮድ አያስነብብም። ብቻ ስታስነብቡ «ኤሲውን ገብቶ ያነባል ወይ?» ብላችሁ ከክፍያ በፊት ጠይቁ።

ከዋጋው በላይ የማነሳው ግን ሌላ ነው። ስካነሩ «የውጭ ሙቀት ሴንሰር መስመር» ይላል። መስመር ነው የሚለው። ሴንሰሯ ትሁን፣ ሽቦው ይሁን፣ ሶኬቱ ይሁን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሁን አይነግራችሁም። ኮዱን ብቻ አይቶ ሴንሰር የሚገዛ ሰው አሁንም ዕጣ እያወጣ ነው። ከአራቱ የቱ እንደሆነ የሚለየው ቴስተር ነው።

ኮዱን ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪናዋ ራሷ በነጻ ትሰጣችኋለች። ይህን ለማንም ስነግር ይገረማል። አውቶማቲክ ኤሲ ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች ላይ አውቶ የሚለውንና አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭናችሁ መኪናውን ኦን አድርጉ። መብራቶቹ አራት ጊዜ ብልጭ ድርግም ካሉ በኋላ ዲግሪው የሚታይበት ቦታ ላይ ቁጥር ይመጣል። 00 ከሆነ ጤነኛ ነው። 11 የውስጥ ሙቀት ሴንሰር፣ 12 የውጭው፣ 13 ክሩስኮቱ ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣው ሴንሰር፣ 21 የፀሐይ ሴንሰር ነው። ሌሎች መኪኖች ሌላ አሠራር አላቸው፣ የራሳችሁን ፈልጉ።

12 መጣ እንበል። የሴንሰሯን ሶኬት ንቀሉ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሴንሰሯን ለኩ። በ25 ዲግሪ አካባቢ ወደ 1.7 ኪሎ ኦም ማሳየት አለባት። በመዳፋችሁ ስትይዟት ቁጥሩ እየወረደ መሄድ አለበት፣ ስትሞቅ ኦሙ ይቀንሳልና። ኦኤል ካለ ውስጧ ተበጥሷል፣ መቀየር ነው። ሴንሰሯ ደህና ከሆነች መኪናውን ኦን አድርጋችሁ ከሽቦው በኩል ባለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ቮልት ለኩ። 5 ቮልት አካባቢ ከመጣ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ችግሩ መገናኛው ላይ ነው። ምንም ከሌለ ሽቦው ተቆርጧል፣ ማሳው (ኔጌቲቩ) ጠፍቷል ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ አልላከም። አለቀ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ኮምፕሬሰሩንም ከመግዛት በፊት እንዲሁ ነው። ክላች ያለው ዓይነት ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ የክላቹን የሽቦ ጥቅል በኦም ስትለኩ ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ካሳየ አልተቃጠለም። ያኔ 12 ቮልት ለምን እንዳልደረሰው ፊውዙንና ሪሌውን ጠይቁ። የእኔን አሮጌ ኮምፕሬሰር በኋላ ቤት ለካሁት። 3.6 ኦም። ጤነኛ ነበር።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ፤ ቴስተር ሁሉ ቴስተር አይደለም። በየሱቁ 800 ብር የሚሸጠው ትንሹ ዲቲ-830 እና መሰሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ የገቡት ናቸው። ሁለት ነገር አሳይተውኛል። አንደኛ፣ የውስጥ ባትሪያቸው ሲደክም ቮልቱን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ቆማ ያደረች መኪና ባትሪ ላይ 14.1 ቮልት አየሁ፣ የሌለ ነገር ነው፤ 12.6 ነው መሆን ያለበት። ሁለተኛ፣ የመለኪያ ሽቦዎቻቸው መያዣው ሥር ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳሉ። ከውጭ አይታይም። ጤነኛ ሴንሰር ስትለኩ ኦኤል ይልና ሴንሰር ያስገዛችኋል። አንድ የማቀዝቀዣ ሴንሰር በዚህ ምክንያት 2,200 ብር አውጥቼ ገዝቻለሁ፣ ዕቃው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የ10 አምፔር ቀዳዳቸው ፊውዝ የለውም። ቀዳዳው አጠገብ ተጽፏል፣ አንብቡት።

የታዋቂ ብራንድ ስም የለጠፈ ቢጫ ቴስተር በ2,500 ብር ሲሰጧችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። የዋናው ዋጋ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። በ2,500 ብር የምታገኙት ስሙን ነው። ስም የሌለው ግን በሐቅ የተሠራ የ3,800 ብር ዕቃ ይበልጥበታል።

መርካቶ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ ሞክሩ። የሚጮኸው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፣ ከዚያ ሽቦዎቹን ከሥራቸው አወዛውዙ። ድምፁ ከተቆራረጠ መልሱለት። አዲስ ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱና ለኩ፣ 1.5 ቮልት አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይምጣ። የኋላውን ክዳን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁና ፊውዞቹን እዩ። እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሱቁ ብዙ ነው። እኔን 4,500 ብለውኝ 3,800 ላይ ነው የተስማማነው። የተለየ የመለኪያ ሽቦ ለብቻው 600 ብር ጨምሬ ገዛሁ፣ ከሁሉ የረዳኝ እሱ ነው። የአየር ማራገቢያውንና የክላቹን አምፔር ሽቦ ሳትቆርጡ ማየት ከፈለጋችሁ ሽቦውን አቅፎ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ (መቆንጠጫ) ያለው አለ፣ 9,500 ብር ጠይቀውኛል። ሥራችሁ ካልሆነ አያስፈልግም።

ቴስተር የማይደርስበትም አለ። አዳዲስ መኪኖች ላይ የአየር በሮቹ ሞተሮች ከኮምፒውተሩ ጋር በዳታ ነው የሚነጋገሩት፣ እዚያ ስካነር ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ብዙ ናችሁ፣ ኮምፕሬሰራችሁ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚሠራው። ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁንም ቴስተራችሁንም አታስጠጉ። ቢጫ ሶኬቶችም የኤርባግ ናቸው፣ አይለኩም። አምፑል የታሰረበትን መሞከሪያ ሽቦ ኮምፒውተር መስመር ላይ የሚያገናኝ ሰው ካያችሁም አስቁሙት። አምፑሉ የሚስበው አምፔር ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጓደኛዬ ከሜክሲኮ ደወለልኝ። ኮዱን ራሱ አውጥቶ 13 እና 21 አየ። የፀሐይ ሴንሰር የት ይገኛል ይለኛል፣ ሶማሌ ተራ ሊሄድ ተነስቷል። «የት ነው የቆምከው?» አልኩት። የሕንፃው ምድር ቤት ፓርኪንግ። ጨለማ ውስጥ ጤነኛ ሴንሰርም 21 ያመጣል። ወደ ፀሐይ አውጥቶ፣ ኮዱን አጥፍቶ እንደገና ሲያነበው 13 ብቻ ቀረ። ቅዳሜ ቴስተሬን ይዤለት እሄዳለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለውንም ሴንሰር ይዤ እወጣለሁ፤ ከገጠመለት 2,200 ብሩ ይተርፈዋል።