ግራ ጆሮዬን ያተረፈልኝ ኦፕራሲዮን፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ኦፕራሲዮኑን ካደረግኩ 14 ወር ሆነኝ። እስካሁን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ጆሮ በመጀመሪያው ወር ያሳየውን ዓመት ሲሞላው ላይደግመው ይችላል፣ ስለዚህ የዓመቱን ምርመራ መጠበቅ ነበረብኝ።

ኤንኤፍ 2 አለብኝ። እኔም ታላቅ እህቴም ከአባታችን ነው የወረስነው። ክሮሞዞም 22 ላይ ያለ አንድ ጂን ሲበላሽ የሚመጣ በሽታ ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ግን ቤተሰባቸው ውስጥ ማንም የለበትም፣ በእነሱ ይጀምራል። ዋናው መለያው በሁለቱም ጆሮ በኩል፣ በሚዛን ነርቭ ላይ የሚበቅል ዕጢ ነው። ካንሰር አይደለም። ክፋቱ ቦታው ላይ ነው። የሚዛን ነርቭ፣ የመስማት ነርቭና ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በምትረዝም ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ተጠጋግተው ነው የሚያልፉት። አንዱ ላይ ዕጢ ሲያብጥ ሌሎቹ መድረሻ ያጣሉ።

እህቴ መጀመሪያ የታየችበት ቦታ «ትንሽ ነው፣ እየተከታተልን እንጠብቅ» አሏት። መጠበቁ በራሱ ስህተት አይደለም፣ ለዓመታት ሳያድግ የሚቀመጥ ዕጢ አለ። እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መስማትን ለማትረፍ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ጊዜ እንዳለው፣ ዕጢው ከሁለት ሴንቲ ሜትር እያለፈ ሲሄድ ዕድሉ በጣም እንደሚጠብ ማንም አልነገራትም። በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ስትደረግ ሐኪሞቹ የገቡት በውስጥ ጆሮው በኩል ነበር። በዚያ መንገድ ዕጢው በደንብ ይታያል፣ የዚያ ጆሮ መስማት ግን አብሮ ይሄዳል።

የእኔ የግራ ጆሮ ዕጢ ሲገኝ 1.2 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ንግግርም ገና በደንብ እለይ ነበር። የተመረጠልኝ መንገድ ከጆሮ በላይ ባለው የራስ ቅል በኩል፣ አንጎልን በቀስታ ከፍ አድርጎ ከላይ ወደ ቦይዋ መውረድ ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚገባም መንገድ አለ፣ የሚወሰነው ዕጢው ባለበት ቦታና በመጠኑ ነው። አንዳንዴ ዕጢውን ጨርሶ ሳይነኩ አጥንቱን ብቻ ከፍተው ለነርቩ ቦታ ይሰጡታል። ይሄን የሰማሁት በራሴ ጥያቄ ነው።

ቡድኑን ያለ ምንም ቅሬታ አመሰግናለሁ። ተኝቼ ሳለ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እየላኩ፣ ምልክቱ ወደ አንጎል ግንድ መድረሱን አንድ ባለሙያ በስክሪን ይከታተል ነበር። ምልክቱ ሲዳከም የቀዶ ሐኪሟ እጇን ታቆማለች፣ ሲመለስ ትቀጥላለች። ነርቩ ሳይቆረጥም መስማት ሊጠፋ ይችላል፣ ምክንያቱም ውስጥ ጆሮን የምትመግበው የደም ሥር አንዲት ቀጭን ክር ናት፣ እሷ ከተዘጋች አለቀ። በኤንኤፍ 2 ደግሞ ዕጢው ብዙ ጊዜ እንደ ወይን ዘለላ ሆኖ በነርቩ ክሮች መሃል ስለሚገባ፣ ኤንኤፍ 2 በሌለበት ሰው ላይ ከሚበቅለው ዕጢ ይልቅ መለየቱ ይከብዳል። ለዚህ ነው ይህን በሽታ ደጋግሞ የሠራ ቡድን ፈልጉ የምለው። «ኤንኤፍ 2 ካለባቸው ታካሚዎቻችሁ ስንቱ ንግግር እየለየ ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ድምፅ መስማትና ንግግር መለየት አንድ አይደሉም፣ በር ሲንኳኳ እየሰማ የተነገረውን ቃል የማይለይ ሰው ብዙ ነው።

አንዱን ኮከብ ያስቀረሁት በዝግጅቱ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለቀናት ክፍሉ ሁሉ እንደሚዞርብኝ፣ እንደሚያስመልሰኝ ማንም አላዘጋጀኝም። የሚዛን ነርቩ ሲነካ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ አንጎልም ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ ግን አስቀድሞ መስማት ነበረብኝ። የፊቴ ግማሽ ለሦስት ሳምንት ደክሞ ዓይኔ አልገጥም ሲለኝም፣ ጠብታውን እንዴት እንደምጠቀም ያሳየችኝ ነርሷ ናት። በአፍንጫ ንጹሕ ውሃ መሰል ነገር ከወረደ ወዲያው መደወል እንዳለብኝ ያነበብኩት ስወጣ ከተሰጠኝ ወረቀት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ «ሳትሰማ ብትነቃስ?» ብሎ አብሮኝ የተቀመጠ አልነበረም። ስለ ቤቫሲዙማብም ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን በአንዳንድ ታማሚዎች ዕጢውን አሳንሶ መስማትን አሻሽሏል።

እህቴ አሁን አንጎል ግንድ ላይ የሚተከለው መሣሪያ አላት። የመስማት ነርቩን ዘሎ ድምፁን በቀጥታ ወደ አንጎል ያደርሳል፣ የመጀመሪያው የተተከለው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ለኤንኤፍ 2 ታማሚ ነበር። እንደ ድሮው አትሰማም። ግን ከንፈር እያየች ስታዳምጥ ወሬያችን ይፈስሳል፣ ስጠራት ትዞራለች።

የእኔ የዓመት ምርመራ ላይ ግራ ጆሮዬ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከነበረው ትንሽ ብቻ ቀንሷል፣ ስልክ የማነሳው በእሱ ነው። የቀኙ ዕጢ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ግራው ስለተረፈ ስለ ቀኙ ማውራት ይቻላል ብላኛለች ሐኪሟ፣ ግራው ባይተርፍ ኖሮ ቀኙን ባንነካው ይሻል ነበር። የሚቀጥለው ኤምአርአይ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ውጤቱን እዚሁ እጨምራለሁ።