የወይራ ዘይት በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች፦ ለልብ ብሎ ለሚገዛ

የወይራ ዘይት ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ዋጋው ከሱፍ ዘይት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰውም የሚገዛው «ለልብ ነው» ብሎ ነው። መደርደሪያ ላይ ካሉት ጠርሙሶች ዋጋቸውን የሚያወጡት ግን ሁሉም አይደሉም።

«ኤክስትራ ቨርጂን» የሚባለው በመጭመቅ ብቻ የወጣ፣ አሲድነቱ ከ0.8 በመቶ የማይበልጥ ነው። «ፖማስ» ደግሞ ከጨመቃው ከተረፈው ፋጉሎ በኬሚካል ወጥቶ የተጣራ ነው። «ላይት» ሲባል የቀለለው ጣዕሙ እንጂ ካሎሪው አይደለም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የትኛውም ይሁን፣ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ፖሊፌኖል (ለልብ ይጠቅማል የሚባለው የወይራው ንጥረ ነገር) በብዛት የሚገኘው በኤክስትራ ቨርጂኑ ስለሆነ፣ ለፖማስ ይህን ያህል ከመክፈል ሱፍ ወይም ኑግ መግዛት ይሻላል።

ጥሩው ዘይት የእርጥብ ሣር ሽታ አለው፤ ሲዋጥ ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል። የቆየ ለውዝ የሚሸት ከሆነ ተበላሽቷል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ስለሚያበላሹት፣ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ዳር የተደረደረውን፣ ያውም ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ጠርሙስ ያለውን፣ አይግዙ። በደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ዘይቱ ቢደፈርስ ወይም ቢረጋ አይደንግጡ፤ ሲሞቅ ይጠራል። መርጋቱ የመቀላቀሉም የንጽሕናውም ማስረጃ አይሆንም።

ዝናው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው የሰባቱ አገሮች ጥናት (የአመጋገብንና የልብ ሕመምን ግንኙነት የመረመረ) የአውሮፓ ምግብ አንድ እንዳልሆነ አሳይቷል። ቅቤና ወተት በገፋበት፣ ሲጋራም በበዛበት በምሥራቅ ፊንላንድ የልብ ሕመም በርትቶ ነበር። የግሪክ ደሴት የሆነችው የቀርጤስ ገበሬዎች ግን ከስብ ብዙ ቢበሉም የልብ ሕመማቸው በጣም ዝቅተኛ ነበር፤ ስባቸው የወይራ ዘይት፣ ምግባቸው ዳቦ፣ ጥራጥሬና ጎመን፣ ሥጋቸው ጥቂት፣ ውሏቸው የእግር መንገድና እርሻ ነበር። ሥጋና ወተት የሚከለክል የኦርቶዶክስ ጾምም ነበራቸው። ፕሬዲሜድ የተባለው የስፔን ጥናት ደግሞ (እ.ኤ.አ. 2013፣ ታርሞ በ2018 ዳግም የታተመ) ለልብ ሕመም የተጋለጡ 7,447 ሰዎችን ተከታትሏል። በሜዲትራኒያን አመጋገብ (አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ዓሣ በሚበዛበት) ላይ ኤክስትራ ቨርጂን የጨመሩት፣ ስብ ቀንሱ ከተባሉት ይልቅ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በአንድነት ሲታዩ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል። የሚመከራቸው በቀን 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ነበር፤ በዋናነትም በሌላ ስብ ምትክ።

ቁም ነገሩ ይህ «ምትክ» ነው። በቅቤ ክትፎ ላይ አንድ ማንኪያ ወይራ መጨመር ልብን አይጠብቅም። ቅቤንና የሚረጋውን ፓልም ዘይት (ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው) ሲተካ ነው የሚጠቅመው። ለዚህ ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የተመቹ ናቸው። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ወይራ ያፍስሱበት። ጣዕሙም ሽታውም አይጠፋም። ለረመዳን ሳምቡሳ መጥበሻ ግን አያባክኑት፤ ሱፍ ይበቃዋል፣ የተጠበሰበትንም ደጋግመው አይጠቀሙ።

ግማሽ ሊትር 33 የሾርባ ማንኪያ ስለሚወጣው፣ በቀን አንድ አንድ ማንኪያ ለሚጠቀሙ አራት ሰዎች ስምንት ቀን ያህል ይበቃል። ከተከፈተ በኋላ ክዳኑን አጥብቀው፣ ከምድጃ ርቆ በጨለማ ይቀመጥ። የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ዘይት ስለጀመረ መድኃኒቱን አያቋርጥ።