ለቱሉ ዲምቱዋ ልጅ ምስጋናዬ ይድረሳት

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና አካባቢው ሆናችሁ በኢንተርኔት ሰነድ እያዘጋጃችሁ ለደንበኛ የምትልኩ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የአንዲት ልጅ ውለታ ከብዶኛል፤ ሰው ፊት ሳላመሰግናት ብቀር ቅር ይለኛል።

እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የጨረታ ሰነድ፣ የዋጋ ማቅረቢያና የቢዝነስ ፕላን እጽፋለሁ። የምሠራው ጎግል ዶክ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ እየተጻፈ እዚያው ራሱ የሚቀመጥ ሰነድ ማለት ነው። እኛ ሰፈር መብራት ድንገት እልም ሲል እንኳ የጻፍኩት አይጠፋብኝም። ስጨርስ ሊንኩን በቴሌግራም እልካለሁ፣ ደንበኛው ከፍቶ ያያል፣ አለቀ። እንዲህ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል።

ባለፈው ወር ለአንድ የብረታ ብረት ማኅበር የዋጋ ማቅረቢያ ሠርቼ እንደ ልማዴ ሊንኩን ላክሁ። በማግስቱ ተደወለልኝና "ድምሩ አይገጥምም" ተባልኩ። ብከፍተው እውነትም አይገጥምም። የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የተጻፈበት ረድፍ የለም፤ ከሥሩ ያለው ጠቅላላ ድምር ግን ታክሱን እንደያዘ ነው። ለካ ሊንኩን የሰጠሁት ማንም ገብቶ እንዲያስተካክል አድርጌ ኖሯል፤ አንዱ በስልኩ ሲያነብ ጣቱ ነክቶ አጥፍቶታል። ደንግጬ ወደ ወርድ ቀይሬ ብልክላቸው ባሰ። የእኔ የአማርኛ ፎንት እነሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ሌላ ተተካበት፤ መስመሩ ሰፋ፣ ሠንጠረዡ ለሁለት ገጽ ተቆረጠ፣ የፊርማና የማኅተም ቦታው ብቻውን መጨረሻ ገጽ ላይ ቀረ። ሰነዱ የሚገባው በነጋታው ጠዋት አራት ሰዓት ነበር።

ላፕቶፔን ይዤ አደባባዩ አጠገብ ወዳለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ ወንበር አወጣችልኝ፣ የሆነውን ሁሉ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና፣ "እትዬ፣ ለእንግዳ ሊጥ ይቀርባል እንዴ? ጋግረው ነው እንጂ የሚያቀርቡት" አለችኝ። ጎግል ዶኩ ሊጡ ነው፣ ደንበኛ ዘንድ የሚሄደው ፒዲኤፉ፣ ገጹን እንዳለ ይዞ የሚሄደው ያለቀለት ፋይል ነው ማለቷ ነው። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም።

መጀመሪያ ሰነዱ ቀድሞ የነበረበትን መልክ የሚያሳየውን፣ ቨርዥን ሂስትሪ የሚለውን ከፍታ የጠፋውን ረድፍ ከነሰዓቱ አገኘችውና መለሰችው። ሊንኩንም ማየት ብቻ እንዲፈቅድ አደረገችው። ከዚያ የገጹ መጠን የሚስተካከልበት ፔጅ ሴትአፕ ውስጥ ገባች፤ ገጹ ሌተር የሚባለው የወረቀት መጠን ላይ ነበር። ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚህ አገር ፕሪንተር ውስጥ የሚገባው ወረቀት ደግሞ ኤ4፣ 210 በ297። ስንት ዓመት ስሠራበት አይቼው አላውቅም! ኤ4 ስታደርገው ፊርማው ወደ ሠንጠረዡ ሥር ተመለሰ። ጎን ላይ የቀሩትን ኮሜንቶች አንድ በአንድ እያስነበበችኝ ዘጋች። በመጨረሻ ፋይል፣ ዳውንሎድ፣ ፒዲኤፍ።

ቀጥሎ ያደረገችውን ግን መቼም አልረሳውም። ከመሳቢያ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አወጣች፣ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላከችበትና ገጽ በገጽ ከላፕቶፑ ጋር አመሳከረች። "ጠቅላላ" የሚለውን ቃል ስትፈልግ በቀጥታ ድምሩ ላይ ወሰዳት። ደንበኛው የሚያየውን እሷ ቀድማ ሳታይ ከእጇ አታወጣም።

ፒዲኤፉ ለምን እንደማይበላሽም ጠየቅኋት። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ ስለሚሄድ ተቀባዩ ጋ ባይኖርም ፊደሉም ገጹም አይናወጥም። ፒዲኤፍን አዶቢ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው ያወጣው፤ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ አይሶ 32000 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሆነ በስልክም በኮምፒውተርም፣ በብዙ ዓይነት ፕሮግራም ይከፈታል። ሊለውጠው ያሰበ ሰው መለወጡ አይቀርም፤ እንደ እኔ ሠንጠረዥ ግን ጣት ስለነካው ብቻ ረድፍ አይጠፋም። ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ፒዲኤፍ ከሆነ ማንም አይነካውም ብላ ልታሳምነኝ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

ለፕሪንቱ 40 ብር ተቀበለች። ለትምህርቱ ልክፈልሽ ብላት "ኧረ እትዬ፣ ምን ሠራሁና!" ብላ እጄን መለሰችው። ሰነዱ ማኅተም ተመትቶበት በሰዓቱ ገባ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያለቀ ሥራ በሊንክ ልኬ አላውቅም። ዶኩ እኔ ጋ ይቀራል፤ እርማት ከመጣ እሱን አስተካክዬ አዲስ ፒዲኤፍ አወርዳለሁ፣ የፋይሉ ስም ላይ የደንበኛውን ስምና ቀኑን እጽፍበታለሁ። ደንበኞቼም ልዩነቱን አይተው ነግረውኛል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ እጅሽ ይባረክ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም። ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ መጥታችሁ አደባባዩን እንዳለፋችሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ሰማያዊ በር ናት። ሰኞ ጠዋት ወረፋ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ጊዜ ሰጥታ ታስተምራችኋለች። ጎግል አካውንታችሁን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ሂዱ፣ ፓስወርድ ረስታችሁ እንዳትመለሱ።